እግር የሚሰማ መኪና

ስለ ፈጣን መኪና ወሬ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» የሚል ነው። እኔ የማላውቀውን መኪና ስይዝ ቀድሜ የምፈትሸው ሌላ ነገር ነው። በሦስተኛ ማርሽ ረጋ ብዬ እየሄድኩ ነዳጅ መስጫውን በትንሹ እጫነዋለሁ፤ ወዲያው እለቀዋለሁ። እንደገና እጫናለሁ፣ እለቃለሁ። መኪናው ከእግሬ ጋር እኩል ይሄዳል ወይስ ከኋላው ይከተለዋል? ለእኔ የአንድ መኪና ጥሩነት ግማሹ የሚለካው እዚህ ላይ ነው።

ጉልበትና ታዛዥነት ይለያያሉ። ጉልበት ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠን ሞተሩ ዙሩን እስኪያነሳ ከጠበቅን በኋላ የምናገኘው ነው። ታዛዥነት ግን እግር ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ጎማው መሬቱን እስኪገፋ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ትንሽ ሲጠየቅ ትንሽ፣ ብዙ ሲጠየቅ ብዙ መስጠቱ ይታሰባል። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኩርባ መሃል ላይ ጋዝ ስትለቁ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ያደላል፤ ስትጨምሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ሚዛን በእግር ጣት ለሚመራ ሰው፣ ዘግይቶ የሚደርስ ጉልበት በማይፈለግበት ሰዓትና ቦታ የሚመጣ ጉልበት ነው።

የእኔ መኪና ቶዮታ ኮሮላ ሌቪን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 ከተመረቱትና ኤኢ86 በሚለው የሻንሲ ኮዳቸው ከሚታወቁት አንዱ። ሞተሩ 4ኤ-ጂኢ ይባላል፤ 1587 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭ። የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። ፔዳሉና የአየር መግቢያው ቢራቢሮ (አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ክብ ክዳን) በቀጭን የብረት ገመድ ተያይዘዋል፤ በመካከላቸው ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው በዚህ መኪና ላይ በእጄ ሠርቼ በእግሬ ያረጋገጥኩትን ነው። አዲስ መኪና ላላቸውም የሚሆን ነገር እጨምራለሁ።

መጀመሪያ ጊዜው የት እንደሚጠፋ እንይ። ፔዳሉን ስትጫኑ ቢራቢሮው ይከፈታል፣ አየር ወደ ማስገቢያው ክፍል ይገባል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ቤንዚን ይረጫል፣ ፒስቶኑ ይህን ድብልቅ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ካንዴላው ያቀጣጥላል። ከዚያ ጉልበቱ በቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ከባድ የብረት ክብ)፣ በፍሪሲዮን፣ በካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ በክሮቸራ (የዘንጉ መስቀለኛ መጋጠሚያ)፣ በዲፈረንሲያል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) አልፎ ጎማ ላይ ይደርሳል። ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ሙሉ ዑደት ለመጨረስ ሁለት ዙር ያስፈልገዋል። በደቂቃ 1000 ዙር ላይ ይህ 120 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በ2000 ዙር 60፣ በ4000 ዙር 30፣ በ6000 ዙር 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። እግራችሁ ሲጫን አየሩን አስገብተው ቫልቫቸውን የዘጉ ሲሊንደሮች አዲሱን ትእዛዝ አልሰሙም፤ የሚሰሙት ቀጣዩ ተራቸው ሲደርስ ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ ዙር ላይ ያለ ሞተር ምንም ያህል ቢሻሻል ከተፈጥሮው ዘገምተኛ ነው።

ማርሽን ከሁሉም አስቀድሜ የማነሳው በዚህ ምክንያት ነው። በእኔ መኪና ላይ 185/60 ባለ 14 ኢንች ጎማ አለ፤ ዙሪያው ወደ 1.8 ሜትር ነው። በፋብሪካው ማርሽ በሰዓት 50 ኪሎሜትር ስሄድ ሞተሩ በአራተኛ ማርሽ 2000 ዙር አካባቢ ይሽከረከራል። በሁለተኛ ማርሽ ግን 4000 አካባቢ ነው። ፍጥነቱ ያው፣ መኪናው ያው፣ ሞተሩም ያው፤ የዑደቱ ጊዜ ግን ከ60 ወደ 30 ሚሊሰከንድ ወርዷል፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉተታም በማርሹ ምጥጥን ልክ ከእጥፍ በላይ አድጓል። ለዚህ አንድ ቡሎን እንኳን አልተፈታም። «መኪናዬ ጋዝ ስሰጠው ይተኛል» ለሚለኝ ሰው የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ በስንተኛ ማርሽ ነበርክ የሚል ነው። ብዙ ሰው ሞተር እንዳይጎዳ ብሎ ማርሹን ቶሎ ቶሎ ያነሳል። የሞቀና ዘይቱ ልክ የሆነ ሞተር ግን 4000 ዙር አይጎዳውም። ይልቁንም በከፍተኛ ማርሽ፣ በ1500 ዙር ላይ ፔዳሉን ወለል ድረስ መርገጥ ሞተሩን የበለጠ ያሰቃየዋል።

ወደ ማርሹ በሰፊው እመለሳለሁ፤ ከእሱ በፊት ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መደረግ ያለበትን ልናገር።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻ እንዲጫን አድርጉና እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ ቢራቢሮውን ተመልከቱ። ሙሉ በሙሉ ይከፈታል? የተወጠረ መስሎ የላላ ገመድ የፔዳሉን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ይበላል፤ መጨረሻ ላይም ቢራቢሮው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይቀራል። ገመዱን ወጥሩት፤ ግን ሚኒሞው (ፔዳሉ ሳይነካ ሞተሩ የሚሽከረከርበት ዙር) ከፍ እንዳይል። ቢራቢሮው ጠርዝ ላይ የተጠራቀመውን ጥቁር ካርቦን አጽዱ፤ ያ ቆሻሻ ፔዳሉን ስትጀምሩ መጣበቅን ይፈጥራል፤ እግራችሁ ትንሽ ሊጠይቅ ፈልጎ ድንገት ብዙ ይሰጠዋል። ከዚያ የቫኪዩም የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳስሱ። የእኔ ሞተር ምን ያህል አየር እንደገባ የሚያውቀው በማስገቢያው ውስጥ ያለውን ግፊት በመለካት ነው። ግፊቱን ወደሚለካው ሴንሰር የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ከተሰነጠቀ ኮምፒውተሩ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ቤንዚን ይረጫል። የቢራቢሮውን አቀማመጥ የሚለካው ሴንሰርም እንዲሁ፤ ያረጀ ከሆነ ሞተሩ ጋዝ መሰጠቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ካንዴላና ፊልትሮ የሚታወቅ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን ላልቶ የሚጫወተውን ነገር ነው። የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች ሲያረጁ ጋዝ በሰጣችሁ ቁጥር ጉልበቱ መጀመሪያ ሞተሩን ራሱን ያዘነብለዋል፤ መኪናውን መግፋት የሚጀምረው ሞተሩ ዘንበል ብሎ ሲጨርስ ነው። የካምቢዮው መቀመጫ፣ ክሮቸራው፣ የዲፈረንሲያሉ ጥርስ ክፍተት፣ የኋላ አክስሉን የሚይዙት ዘንጎች ቡሽ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይሰርቃሉ። ተደምረው ሲመጡ «ደግ» የሚል ድምፅና ንዝረት ይሆናሉ። እኔ በዚህ መኪና ላይ የሞተሩንና የካምቢዮውን መቀመጫዎች ጠንከር ባለ ጎማ፣ የኋላ ዘንጎቹንም ቡሽ በአዲስ ስቀይር የሞተሩ ጉልበት ቅንጣት አልጨመረም፤ ፔዳሉ ግን በቀጥታ ከጎማው ጋር የታሰረ ያህል ሆነ። ትንሽ ንዝረት ወደ መሪው ይመጣል። እቀበለዋለሁ። ብረት ለብረት የሆነ መቀመጫ ግን ለውድድር መኪና ካልሆነ አልመክርም፤ ንዝረቱ ሌሎች ነገሮችን ያላላል።

አሁን ወደ ማርሹ። ማርሽ ማውረድ ሳያስፈልግ መኪናው በሁሉም ማርሽ ላይ እንዲነቃ ከተፈለገ የሚቀየረው ዲፈረንሲያል ውስጥ ያሉት ኮሮናና ፒኞን (ትልቁና ትንሹ ጥርሳም ብረት) ናቸው። የእኔ ከፋብሪካ ሲወጣ 43 ጥርስ ያለው ኮሮና በ10 ጥርስ ፒኞን ላይ ነበር፤ ምጥጥኑ 4.30። አሁን ያለው 43 በ9 ነው፤ 4.778። አንድ የፒኞን ጥርስ መቀነስ በሁሉም ማርሽ ላይ የጎማውን ጉተታ በ11 ከመቶ ከፍ አደረገ። ከሞተር ውስጥ 11 ከመቶ ለማውጣት ካምሻፍት፣ ቴስታታ፣ ኮምፒውተር ሁሉ መነካት ነበረበት፤ ያ ሁሉ ተሠርቶም የሚገኘው ብዙ ጊዜ በላይኛው ዙር ላይ ብቻ ነው። ማርሹ ግን ከታችም ከላይም፣ ፔዳሉ ሩብ ላይም ሙሉ ላይም ይሠራል። ለታዛዥነት ከተደረጉ ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም።

ዋጋው ግልጽ ነው። በአምስተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ላይ 3400 አካባቢ የነበረው ዙር አሁን 3780 አካባቢ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጩኸቱ ይሰማል፣ ቤንዚንም ይጨምራል። ሁለተኛ ማርሽ በ7000 ዙር 88 ኪሎሜትር ያደርስ ነበር፤ አሁን 79 ላይ ያልቃል። አንዳንድ ኩርባ ላይ ድሮ በሁለተኛ የማልፈውን አሁን ሦስተኛ ማስገባት አለብኝ። ስለዚህ ይህን ከማድረጋችሁ በፊት የምትነዱበትን መንገድ አስቡ፤ የምታዘወትሩት ኩርባ መሃል ላይ ማርሽ እንድትቀይሩ የሚያስገድዳችሁ ከሆነ ትርፉ ይጠፋል። ፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል፤ በዚህ መኪና ላይ የሚያነበው ከካምቢዮው ስለሆነ እውነተኛው 100 ሲሆን 111 ያሳያል። ካምቢዮው ላይ ያለችውን የፍጥነት መለኪያ ጥርስ መቀየር ያስተካክለዋል። ፍጥነትን ከጎማ ሴንሰር የሚወስድ አዲስ መኪና ይህ ችግር የለበትም።

ሥራው ራሱ ለማንም የሚሰጥ አይደለም። ኮሮናና ፒኞን አብረው የሚሄዱ ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ካንዱ መኪና፣ ሌላውን ከሌላ መውሰድ አይቻልም። በጥርሶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ከሚሊሜትር አንድ አስረኛና ሁለት አስረኛ መካከል ነው፤ በእጅ ነቅንቆ «ደህና ነው» የሚባል ሳይሆን በመለኪያ የሚነበብ ነው። ጥርሱ ላይ ቀለም ተቀብቶ ንክኪው የት እንደሚያርፍ ይታያል፤ ወደ ጫፉ ወይም ወደ ሥሩ ካደላ ፒኞኑ ሥር ያለው ቀጭን ማስተካከያ ቀለበት ይቀየራል። የፒኞኑ ኩሽኔታ ጥብቀትም አለ። ከተገጠመ በኋላም ብዙ ጭነት ሳይበዛበት፣ እየሞቀና እየቀዘቀዘ መለማመድ አለበት፤ ከዚያ ዘይቱ ይቀየራል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት የሚሠራ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ጎማም ማርሽ ነው። ይህን ስናገር የሚገረም ሰው ብዙ ነው። ለመልክ ብዬ 205/60 ባለ 15 ኢንች ጎማ ብገጥም ቁመቱ ከአሁኑ በ8.5 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። በኮሮናና ፒኞን ካገኘሁት 11 ከመቶ ውስጥ የሚተርፈኝ ከ2 ከመቶ ብዙም አይበልጥም ነበር። ትልቅ ቸርኬ ደግሞ ክብደቱ ከመሃሉ ስለሚርቅ ለማሽከርከርም ለማቆምም ያስቸግራል። መኪናዬን ለምን በትንሽ ቸርኬ እንደምነዳ ለሚጠይቀኝ መልሴ ይኸው ነው።

ስለ ካምቢዮውም አንድ ነገር። የዚህ መኪና ማርሾች 3.587፣ 2.022፣ 1.384፣ 1.000 እና 0.861 ናቸው። አንደኛን እስከ 7000 ወስዳችሁ ሁለተኛ ስታስገቡ ዙሩ ወደ 3950 ይወድቃል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ግን 4800 አካባቢ ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ሞተሩ እዚያ ላይ ለአፍታ ይደክማል። ማርሾቻቸው የተቀራረቡ የውድድር ካምቢዮዎች የሚሠሩት ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው። ለመንገድ መኪና ኮሮናና ፒኞኑ ይበቃል ባይ ነኝ።

ከማርሽ ቀጥሎ ቮላኖ ነው። ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው መጀመሪያ ማፋጠን ያለበት ራሱን ነው፤ ክራንኩን፣ ቮላኖውን፣ የፍሪሲዮኑን ሽፋን። ከቮላኖ ላይ 3 ኪሎ ብትቀንሱና ያ 3 ኪሎ ከመሃሉ 10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ የነበረ ብረት ቢሆን፣ በእኔ ማርሽና ጎማ አንደኛ ላይ ከመኪናው ላይ 105 ኪሎ ገደማ እንደማውረድ ይቆጠራል። አራተኛ ላይ ግን ያው 3 ኪሎ ወደ 8 ኪሎ ብቻ ይወርዳል። ምክንያቱ የሚሽከረከር ብረት ተቃውሞ በጠቅላላ ማርሹ ካሬ ስለሚባዛ ነው። ስለዚህ ቀላል ቮላኖ ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ተአምር ይሠራል ብሎ የሚጠብቅ ያዝናል። ትርፉ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ከኩርባ ስትወጡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማርሽ ስታወርዱ ነው። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ በተረከዝ ጋዝ ስትነኩ ዙሩ እንደ ሐሳብ ይነሳል፤ ማርሹ ያለ ንዝረት ይገባል። ለእኔ ይህ ብቻውን ዋጋውን ከፍሏል።

ጉዳቱን አልደብቅም። ከቆመበት፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ሲነሱ ሞተሩ ቶሎ ይጠፋል፤ ጋዙንና ፍሪሲዮኑን ማስማማት እንደገና መለማመድ ይጠይቃል። ሚኒሞውም እንደ ድሮው የረጋ አይሆንም። ከሁለት ክፍል የተሠራና በመካከሉ ስፕሪንግ ያለው ቮላኖ ባላቸው አዲስ መኪናዎች ላይ በአንድ ወጥ ብረት ሲቀየር ካምቢዮው ውስጥ የመንኳኳት ድምፅ ይመጣል። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እላለሁ፦ የፋብሪካውን የካስት አይረን ቮላኖ በቶርኖ አስላጭታችሁ አታቅልሉ። በ7000 ዙር የሚሽከረከር የተዳከመ ብረት ቢፈነዳ ካምቢዮውን በስቶ ወደ እግራችሁ ነው የሚመጣው። ከመጀመሪያው ቀላል ሆኖ ከተቀጠቀጠ ብረት የተሠራ ይግዙ፤ ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው በወረደበት ቀን ይገጠም፤ የጉልበት ዋጋ ሁለቴ አይከፈልም።

ወደ አየሩ ልምጣ። ትልቅ ቢራቢሮ መግጠም ታዛዥነትን ይጨምራል የሚሉ አሉ። በከፊል ስሜት ነው። ትልቅ ቢራቢሮ በፔዳሉ የመጀመሪያ ሩብ ብዙ አየር ስለሚያስገባ መኪናው የነቃ ይመስላል፤ ቀሪው የፔዳል ጉዞ ግን ባዶ ይሆናል። እውነተኛው ለውጥ ያለው ቢራቢሮው ከቫልቩ ባለው ርቀት ላይ ነው። በመካከላቸው ትልቅ የአየር ክፍል ካለ ያ ክፍል እስኪሞላ ይጠበቃል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቢራቢሮ ከቫልቩ አጠገብ ሲቀመጥ ይህ ጥበቃ ይጠፋል ማለት ይቻላል። የቶዮታ ባለ 20 ቫልቭ 4ኤ-ጂኢ አራት፣ የቢኤምደብልዩ ኤም3 ኤስ54 ሞተር ስድስት እንዲህ ያሉ ቢራቢሮዎች አሏቸው። ኒሳን አርቢ26 ሁለት ቱርቦ (በጭሱ ኃይል ተሽከርክሮ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ) እያለውም ስድስት ተሰጥቶታል። እነዚህን ሞተሮች የነዳ ሰው ለምን እንደሚወደሱ አይጠይቅም። እኔ ባለ 20 ቫልቩን ልግጠም እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ ግን የዚህን መኪና ባሕርይ እወደዋለሁ።

የእኔ ባለ 16 ቫልቭ ደግሞ የራሱ ብልሃት አለው፤ ቲ-ቪስ ይሉታል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት የአየር መንገድ አለ፤ በዝቅተኛ ዙር አንዱ ይዘጋል፣ አየሩ በጠባቡ መንገድ በፍጥነት ይገባል፤ ዙሩ ከ4000 ሲያልፍ ሁለቱም ይከፈታሉ። ብዙ ሰው ይህን አውልቆ ይጥለዋል፤ አየር ያንቃል በማለት። እኔ አልነካሁትም። አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው ከ4000 በታች ነው፤ እዚያ ላይ የአየር ፍጥነት ከመንገዱ ስፋት ይበልጣል። የቫኪዩም ማንቀሳቀሻው እንደሚሠራ ብቻ በየጊዜው አያለሁ።

የአየር ፊልትሮ መቀየር ድምፁን ያሳምራል። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ትኩስ አየር የሚስብ ክፍት ፊልትሮ ግን ከፋብሪካው ሳጥን የባሰ ነው።

አሁን ቤንዚኑ። ጋዝ በድንገት ሲከፈት ብዙ መኪና ላይ የሚሰማው ማቅማማት የአየር ሳይሆን የቤንዚን ጉዳይ ነው። በአየር መንገዱ ውስጥ የሚረጨው ቤንዚን ሁሉ ወዲያው አይተንም፤ ከፊሉ ግድግዳው ላይ ቀጭን እርጥበት ሆኖ ይቀመጣል። ቢራቢሮው ሲከፈት ግፊቱ ከፍ ስለሚል ግድግዳው የሚይዘው ቤንዚን ይጨምራል፤ አየሩ ሲሊንደር ሲደርስ ቤንዚኑ ግን ኋላ ይቀራል። ለጥቂት ዑደት ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይንገዳገዳል። ካርቡራቶር ያላቸው መኪናዎች ለዚህ ትንሽ ፓምፕ አላቸው፤ ፔዳሉ ሲጫን ቀድማ ትረጫለች። ኢንጀክሽን ላይ ኮምፒውተሩ ያንኑ ይሠራል፤ ቢራቢሮው በፍጥነት ሲከፈት ተጨማሪ ይረጫል። ሊስተካከል የሚችል ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ሙሉ ጋዝ ላይ ያለውን ጉልበት በዳይኖ መለካት ቀላል ነው፤ ይህን የሽግግር ቅጽበት ማስተካከል ግን ቀዝቃዛ ሞተር፣ ሙቅ ሞተር፣ ዝቅተኛ ዙር፣ ከፍተኛ ዙር እያሉ ደጋግሞ መሞከር ነው። ጥሩ ባለሙያ የሚለየው እዚህ ነው።

ኦክቴን ላይ ብዙ የተሳሳተ እምነት አለ። የኦክቴን ቁጥር ቤንዚኑ ያለውን ኃይል አይለካም፤ በግፊትና በሙቀት ያለ እሳት ራሱ እንዳይቀጣጠል የሚቋቋምበትን መጠን ነው የሚናገረው። ቁጥሩን ስታነቡ ደግሞ የትኛው መለኪያ እንደሆነ እወቁ፤ በአውሮፓ ማደያ 95 የሚለውና በሰሜን አሜሪካ ማደያ 91 የሚለው ቤንዚን ተቀራራቢ ናቸው፤ አለካኩ ነው የተለያየው። ሞተራችሁ በዝቅተኛ ኦክቴን የማያንኳኳ (ድብልቁ ያለ ጊዜው ራሱ እየተቀጣጠለ የብረት ድምፅ የማያሰማ) ከሆነና ፋዙ (ካንዴላው የሚያቀጣጥልበት ቅጽበት) ካልተነካ ውዱን ቤንዚን መሙላት ምንም አይጨምርም። የማንኳኳት ሴንሰር ያለው፣ በተለይ ቱርቦ ያለው መኪና ግን ይለያል፤ ኮምፒውተሩ ማንኳኳት ሲሰማ ፋዙን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ያኔ ጋዝ ስትሰጡ መኪናው የተኛ ይመስላል። ፋብሪካው ከፍተኛ ኦክቴን ከጠየቀ ስጡት። በእኔ ዓይነት አሮጌ ሞተር ላይ ፋዙ በእጅ የሚስተካከል ስለሆነ ከፍ ያለ ኦክቴን ሞልቼ በትንሹ አስቀድሜዋለሁ፤ በመካከለኛው ዙር ላይ ልዩነቱ ይሰማል። ጆሮ ግን ንቁ መሆን አለበት፤ በጭነት ላይ የሚሰማ ቀጭን የብረት ኳኳታ ፒስቶን የሚበላ ድምፅ ነው።

85 ከመቶ ኤታኖል የሆነው ኢ85 ሌላ ዓለም ነው። ሲተን ከቤንዚን ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚስብ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል፤ ማንኳኳትን በጣም ይቋቋማል፤ ፋዙን በነፃነት ማስቀደም ያስችላል። ቱርቦ ላይ ያለው ለውጥ ግልጽ ነው። ነገር ግን ለተስተካከለ ቃጠሎ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ሲፈልግ ኢ85 የሚፈልገው 9.8 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የሚረጨው ነዳጅ በክብደት በግማሽ ገደማ ይጨምራል። ትልቅ ኢንጀክተር፣ ትልቅ ፓምፕ፣ ኤታኖል የማይበላው ጎማና ቧንቧ፣ አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጠይቃል። ብርድ ላይም ለመነሳት ያስቸግራል። እንዲሁ ታንክ ውስጥ የሚገለበጥ አይደለም።

ከፍታ ላይ ለምንነዳ ሰዎች አንድ ስሌት። ከባሕር ጠለል 2000 ሜትር ላይ አየሩ በ18 ከመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። ያንን ጉልበት በቤንዚን ማስመለስ አይቻልም። እንዲያውም በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ማንኳኳቱም ይቀንሳል፤ የኦክቴን ጥቅም እዚያ ያንሳል። 11 ከመቶ የሚጨምር ማርሽ ግን ከጠፋው ጉተታ ግማሽ ያህሉን ጎማው ላይ ይመልሳል።

ቱርቦ ላላቸው፦ ዘግይቶ የሚነሳ ቱርቦ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቱርቦ ነው። ቅርፁን ሳይቀይር የሚያንስ የተርባይን ጎማ የመሽከርከር ተቃውሞው በዲያሜትሩ አምስተኛ ኃይል ይወርዳል፤ ዲያሜትሩ 10 ከመቶ ሲቀንስ ተቃውሞው 41 ከመቶ ይቀንሳል። ከላይ የምታጡትን የፈረስ ጉልበት ከታች በምታገኙት ታዛዥነት መለወጥ እኔ ሁልጊዜ የምስማማበት ንግድ ነው። ከቱርቦ እስከ ቢራቢሮ ያለውን ቱቦም አሳጥሩ፤ ክላምፖቹንም ፈትሹ፤ ትንሽ የምታስተነፍስ መጋጠሚያ ብዙ ታዘገያለች።

በመጨረሻ ስለ ፔዳል ሳጥኖች፤ ፔዳሉና ኮምፒውተሩ መካከል ስለሚሰኩት። ኤሌክትሮኒክ ፔዳል ባለው መኪና ላይ ሳጥኑ የሚሠራው ምልክቱን ማጋነን ነው፤ እግራችሁ 30 ከመቶ ሲጫን ለኮምፒውተሩ 60 ይነግረዋል። ሞተሩ ከበፊቱ ፈጥኖ አይነሳም፣ ጉልበቱም አይጨምርም። የምታጡት ደግሞ በትንሽ በትንሹ የመለካት ችሎታን ነው፤ እኔ ታዛዥነት የምለው ትልቁ ክፍል ማለት ነው። እውነተኛው መዘግየት ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ መኪናው እንዳይንገጫገጭና ጭሱ ንጹሕ እንዲሆን ፋብሪካው ሆን ብሎ ጉልበቱን ቀስ አድርጎ እንዲሰጥ፣ ጋዝ ስትለቁም ዙሩ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አድርጎታል። ይህ የሚፈታው በፕሮግራሙ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ማለስለሻውን በልኩ ሊቀንሰው ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ላልተው የሚጫወቱት መቀመጫዎች ይቀየሩ፤ አለበለዚያ ማለስለሻው ሲነሳ መኪናው በእያንዳንዱ የእግር ንክኪ ይናወጣል።

መኪናችሁን መፈተሽ ለምትፈልጉ፣ ደረቅና ሰው የማይበዛበት ደልዳላ መንገድ፣ የሞቀ ሞተር፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ 3000 ዙር። ፔዳሉን ከሩብ ወደ ግማሽ አንዴ ጫኑትና የሚሰማችሁን ለዩ። መጀመሪያ «ደግ» ካለ የላላ መቀመጫ ወይም ክሮቸራ ፈልጉ። ሳይንገጫገጭ ግን ለአፍታ ከሰመጠ ቤንዚኑን እዩ። ቀስ ብሎ እያደገ ከመጣና ቱርቦ ካለ ወደ ቱቦዎቹ ሂዱ። ወዲያው ተነስቶ ግን ጉተታው ካነሰባችሁ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የሚጎድለው ማርሽ ነው።